የመስጊዱ ቁልፍ፤ ከቱኒዚያ የምርጫ ሰሞን ማስታወሻ

ሐሙስ፣ ቱኒስ

ቱኒስ የደረስኩት ለፓርላማ ምርጫው ሦስት ቀን ሲቀረው ነው። ቀኑ የተቆረጠው ለኦክቶበር 26 ቀን 2014 ነው፤ በዚህ ማስታወሻ ያሉት ቀኖችና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ዚን ኤል አቢዲን ቤን አሊ ሃያ ሦስት ዓመት ከገዙት አገር ጃንዋሪ 14 ቀን 2011 በአውሮፕላን ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ ኮብልለዋል። ከዚያ ወዲህ ቱኒዚያ ሕገ መንግሥት አርቃቂ ጉባኤ መርጣለች፣ ሁለት ፖለቲከኞቿ በጥይት ተገድለውባታል፣ ያሸነፈው ፓርቲ ሥልጣኑን በድርድር ለቅቋል፣ አዲስ ሕገ መንግሥትም ጸድቋል። እኔን ከቤቴ ያስነሣኝ ግን አንድ ጥያቄ ነው፦ አምባገነኑ ሲወድቅ፣ እሱ በጉልበት ይዞት የኖረው ሃይማኖት በማን እጅ ይገባል?

ሻንጣዬን ሆቴል ጥዬ ወደ ሐቢብ ቡርጊባ ጎዳና ወጣሁ። መሐሉ በዛፍ የተጋረደ የእግረኛ መንገድ ነው፤ ግራና ቀኙ ካፌ። የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር ግራጫ ሕንፃ በእሾሃማ ሽቦ ታጥሮ ቆሟል። ቤን አሊ በኮበለሉበት ቀን ሕዝቡ "ልቀቅ!" እያለ የጮኸው እዚህ ሕንፃ ፊት ነበር። በቤን አሊ ዘመን ዓሥራ አራት ዓመት ያህል የታሰሩት፣ አብዛኛውንም ጊዜ ለብቻቸው ተዘግቶባቸው ያሳለፉት የእስላማዊው ፓርቲ የናህዳ ሰው ዓሊ ላራየድ ከአብዮቱ በኋላ የዚሁ መሥሪያ ቤት ሚኒስትር ሆኑ፤ ቀጥሎም ጠቅላይ ሚኒስትር። ይህን ሳስብ ከሽቦው ወዲህ ቆሜ ፎቶ ለማንሣት ቃጣሁ፤ ፖሊሱ በጣቱ "አይቻልም" አለኝ። አንዳንድ ነገር ቶሎ አይለወጥም።

አስተርጓሚዬ የመጨረሻ ዓመት የሕግ ተማሪ ናት። ስሜን አትጻፉ ስላለችኝ አልጽፈውም። ፀጉሯን አትሸፍንም። የእናቷ እህት ግን ትሸፍናለች፤ ወደ ዘይቱና መስጊድ በሚወስደው የገበያ መተላለፊያ ስንሄድ ያወራችኝ የእሷን ታሪክ ነው። አክስቷ መምህርት ነበሩ። በ1981 የወጣው 108 ቁጥር ያለው መመሪያ በትምህርት ቤትና በመንግሥት መሥሪያ ቤት ሂጃብ ከለከለ። ሴትየዋ ለዓመታት ጠዋት ጠዋት ትምህርት ቤቱ በር ላይ ሲደርሱ ሻሻቸውን አውልቀው ቦርሳቸው ውስጥ ይከታሉ፣ ማታ ሲወጡ መልሰው ያስራሉ።

"በብርድ ጊዜ ግን የሱፍ ቆብ ይደፉ ነበር" አለችኝ ልጅቷ እየሳቀች። "ቆብ አልተከለከለም። ርዕሰ መምህሩ ግን ቆቡን እያየ 'ዛሬ ይህን ያህል ይበርዳል?' ይላቸው ነበር።"

አክስቷ በ2011 ናህዳን መረጡ፤ እሁድም ይመርጡታል። ልጅቷ አትመርጠውም። በ2012 የበጋ ወራት በሕገ መንግሥቱ ረቂቅ ውስጥ ሴትን በቤተሰብ ውስጥ የወንድ ማሟያ የሚያደርግ አንቀጽ ሲወጣ፣ ኦገስት 13 ቀን በሺዎች የሚቆጠሩ ሴቶች አደባባይ ወጡ። እሷም ከእነሱ ጋር ነበረች፤ አክስቷ ለሁለት ወር አኮረፏት። አንቀጹ ተሰርዞ በመጨረሻው ሰነድ ላይ ወንድና ሴት እኩል ሆነው ጸደቀ።

ማታ ቴሌቪዥኑ ስለ ምርጫ አልነበረም የሚያወራው። ከዋና ከተማው በስተምዕራብ ዋድ ኤሊል በሚባል ሰፈር የጸጥታ ኃይሎች ታጣቂዎች ያሉበትን ቤት ከብበዋል።

ዓርብ፣ ቃይራዋን

ሉዋዥ የሚሉት ሚኒባስ ካልሞላ አይንቀሳቀስም። ቀይ መስመር የተቀባው የክፍለ አገር ነው። ሁለት ሰዓት ከመንፈቅ ያህል ተጉዘን ቃይራዋን ስንገባ ገና ረፋድ ነበር።

ታላቁ መስጊድ በ670 በዑቅባ ኢብን ናፊዕ የተቆረቆረ ነው፤ አሁን የሚታየው ሕንፃ በአብዛኛው የ9ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ነው። ሙስሊም ስላልሆንኩ የጸሎት አዳራሹን በሩ ላይ ቆሜ ነው ያየሁት። ዓምዶቹ ከሮማውያንና ከቢዛንታይን ፍርስራሾች የተሰበሰቡ በመሆናቸው የአንዱ ጉልላት ከሌላው አይገጥምም፤ ቁመታቸውን ለማስተካከል ከአንዳንዱ ሥር ድንጋይ ተደርቧል።

የጁምዓ ሰዓት ሲደርስ ጎብኚ እንዲወጣ ተደረገ። ልጅቷ ወደ አሮጌው ከተማ ውስጥ ይዛኝ ገባችና ከአንድ ትንሽ የሰፈር መስጊድ ጠባቂ ጋር አገናኘችኝ። "ሐጂ" ትላቸዋለች፤ እኔም ሐጂ አልኳቸው። ከጸሎት በኋላ ደጃፉ ላይ ባለው የድንጋይ መቀመጫ አረፍ ብለን ከኪሳቸው የቁልፍ ቀለበት አወጡ። ሦስት ትልልቅ ቁልፎች አሉበት።

የመጀመሪያውን አነሡ። ይህ የቤን አሊ ጊዜ ነው፤ መስጊዱ የሚከፈተው ለጸሎት ብቻ ነበር፣ ሰላት እንዳበቃ ሰው ወጥቶ ይቆለፋል። ኢማሙን የሚሾመው መንግሥት ነው፤ ኹጥባው፣ ማለትም የዓርቡ ስብከት፣ መጨረሻ ላይ ለፕሬዚዳንቱ ዱዓ ይደረጋል። ለንጋት ጸሎት አዘውትሮ የሚመጣ ወጣት ካለ ፊቱ ይመዘገባል። "የሚመዘግበው ከኋላ የሚሰግደው ነበር" አሉ። "ስሙን አውቀዋለሁ፤ ዛሬም እዚሁ ይሰግዳል።"

ሁለተኛው ከአብዮቱ በኋላ የመጣ ነው። አንድ ማለዳ ሲመጡ የበሩ መቆለፊያ ተቀይሯል። ወጣቶች ነበሩ፤ አሮጌውን ኢማም "የቤን አሊ አገልጋይ" ብለው ከሚንበሩ አውርደው የራሳቸውን አስቀመጡ። ሐጂ እንደነገሩኝ ልጆቹ ለሽማግሌ ክብር አላቸው፤ ቁልፉንም ቅጂ አስቀርጸው ሰጧቸው። ግን በአሥር ቀን ውስጥ የሰፈሩ ግማሽ ወደ ሌላ መስጊድ ሄደ፤ አዲሱ ኢማም ማን ሙስሊም እንደሆነና ማን እንዳልሆነ በስም መናገር ጀምሮ ነበርና።

ሦስተኛውን የሃይማኖት ጉዳይ ሚኒስቴር ሰዎች ያመጡት ነው። በአገሪቱ በእንዲህ ዓይነት መንገድ የተያዙ መስጊዶች ብዙ ነበሩ፤ መንግሥት አንድ በአንድ አስመለሳቸው። ሜይ 2013 አንሳር አል-ሸሪዓ የተባለው ቡድን ዓመታዊ ጉባኤውን እዚሁ ቃይራዋን ሊያደርግ ሲል ከተማዋ በፖሊስና በወታደር ተዘጋች፤ በዚያው ዓመት ኦገስት ላይ ቡድኑ አሸባሪ ተብሎ ተፈረጀ።

"ታዲያ አሁን ደህና ነው?" አልኳቸው።

ሐጂ ቁልፎቹን ወደ ኪሳቸው መለሱ። "አሁን ያለው ኢማም ጥሩ ሰው ነው። የሾመው ግን ያው በፊት ይሾም የነበረው መሥሪያ ቤት ነው።" ሁለቱን የማይከፍቱ ቁልፎች ለምን እንደያዟቸው ስጠይቃቸው ልጅቷን አይተው ፈገግ አሉ፤ ትርጉም አልመጣልኝም።

ማታ ማረፊያችን በረንዳ ላይ ተማሪዋ የሕገ መንግሥቱን ትንሽ መጽሐፍ ከቦርሳዋ አወጣች። ጃንዋሪ 26 ቀን 2014 ከ216 አባላት በ200 ድምፅ የጸደቀ ሰነድ ነው፤ 12 ተቃወሙ፣ 4 ድምፀ ተአቅቦ አደረጉ። አንቀጽ 1 የአገሪቱ ሃይማኖት እስልምና ነው ይላል። አንቀጽ 2 ደግሞ መንግሥቱ በዜግነት፣ በሕዝብ ፈቃድና በሕግ የበላይነት ላይ የቆመ ሲቪል መንግሥት ነው ይላል። ሁለቱም ሊሻሻሉ አይችሉም። የመስጊዱ ነገር ያለው አንቀጽ 6 ላይ ነው። መንግሥት የሃይማኖት ጠባቂ ነው፤ የእምነትና የኅሊና ነፃነትን ያረጋግጣል፤ መስጊዶች የፓርቲ መሣሪያ እንዳይሆኑ ያደርጋል፤ ቅዱስ የሆነውን ይከላከላል፤ ሰውን ከሃዲ ብሎ መፈረጅን ይከለክላል። የመጨረሻው የገባው በክርክሩ መካከል አንድ የናህዳ ተወካይ አንድን የግራ ተወካይ የእስልምና ጠላት አድርጎ በመናገሩና ተወካዩ የግድያ ዛቻ ስለ ደረሰው ነው። አንቀጹን ደጋግሜ አነበብኩት። ሁለት ሰዎች አንድ ብዕር እየተነጣጠቁ የጻፉት ይመስላል።

እሷ ግን ትወደዋለች። ናህዳ ሸሪዓን የሕግ ምንጭ የማድረጉን ጥያቄ በማርች 2012 በገዛ ፈቃዱ መተዉን፣ ዓለማዊ የሚባሉትም አንቀጽ 1ን ሳይነኩ ማለፋቸውን ጠቀሰችልኝ። "ማንም ሙሉ በሙሉ ያልወደደው ሕግ ስለሆነ ማንም ብቻውን ሊጠቀምበት አይችልም" አለች። የሕግ ተማሪ ተስፋ ነው። እኔን ያሳሰበኝ "ጠባቂ" የተባለው ወገን ነው፤ የሐጂን ሦስተኛ ቁልፍ የያዘው እሱ ነውና።

የዋድ ኤሊሉ ከበባ ዛሬ አብቅቷል። ስድስት ሰዎች ተገድለዋል፤ አምስቱ ሴቶች ናቸው።

ቅዳሜ፣ ሲዲ ቡዚድ

የዝምታ ቀን ነው፤ ቅስቀሳ ክልክል። ግድግዳዎች ላይ በቀለም የተሰመሩ ትንንሽ አራት ማዕዘኖች ተደርድረዋል፤ እያንዳንዱ ቁጥር ተጽፎበት ለአንድ ተወዳዳሪ ዝርዝር ተሰጥቷል። ትልቁ ፓርቲም ሆነ ማንም የማያውቀው የግል ዝርዝር እኩል ስፋት ነው ያለው። አንዳንዱ ሣጥን ባዶ ነው፤ ተመዝግበው ፖስተር ማሳተሚያ ያጡ ይሆናሉ። አንዳንዱ ተቀዶ የተወዳዳሪው ጫማ ብቻ ቀርቷል።

ሞሐመድ ቡአዚዚ በእጅ ጋሪ አትክልትና ፍራፍሬ ይሸጥ የነበረው እዚህ ነው። ዲሴምበር 17 ቀን 2010 ዕቃው ሲወረስበት ወደ አገረ ገዥው ጽሕፈት ቤት ሄዶ የሚያነጋግረው አጣ፤ ደጃፉ ላይ ራሱን አቃጠለ። ጃንዋሪ 4 ሲሞት 26 ዓመቱ ነበር። ዋናው ጎዳና በስሙ ተሰይሟል፤ ጋሪውን የሚያሳይ የድንጋይ ሐውልትም ቆሞለታል። ከሐውልቱ አጠገብ ዛሬም ጋሪ የሚገፉ አሉ።

ካፌ ውስጥ ዲግሪ ያላቸው ሥራ አጦች ተሰብስበዋል። ስለ ሃይማኖትና ስለ ፖለቲካ ልጠይቅ እንደመጣሁ ስነግራቸው አንደኛው ወንበሩን ወደ ኋላ ገፍቶ ሳቀ። "ከቱኒስ የሚመጣ ሁሉ የሚጠይቀን ይህን ነው። እኔ ጁምዓ እሰግዳለሁ፤ እሱ ቢራ ይጠጣል፤ ሁለታችንም ከተመረቅን ስድስት ዓመት ሆነን።" ሌላው ደግሞ ክርክሩ የባሕር ዳርቻ ሰዎች ክርክር ነው አለ። ሥራ የሚኖርባቸው፣ ቱሪስት የሚሄድባቸው፣ ሚኒስትር የሚወጣባቸው ከተሞች ክርክር።

ነገሩ ከእሱ አፍ የወጣ ምሬት ብቻ አይደለም። በ2011ዱ ምርጫ ናህዳ በአገር ደረጃ ከ217 መቀመጫ 89 ሲያገኝ፣ ሲዲ ቡዚድ ግን የመረጠችው የገዛ ልጇን የሃሽሚ ሐምዲን ዝርዝር ነበር፤ ለንደን ተቀምጦ በራሱ የቴሌቪዥን ጣቢያ ነፃ ሕክምናና ለሥራ አጥ ድጎማ እሰጣለሁ ያለውን። ከዝርዝሮቹ ጥቂቶቹ ሲሰረዙ የከተማው ሰው ተቆጥቶ የናህዳን ቢሮ አቃጠለ። በውጭ ጋዜጦች እስላማዊና ዓለማዊ ተብሎ የሚተረከው ትግል እዚህ ሲደርስ ሌላ መልክ ይዟል። ጁላይ 25 ቀን 2013 ቱኒስ ላይ የተገደሉት የምክር ቤት አባል ሞሐመድ ብራህሚም የዚህ አገር ሰው ናቸው፤ ከእሳቸው በፊት ፌብሩዋሪ 6 ሹክሪ በላዒድ ተገድለዋል። ከሁለተኛው ግድያ በኋላ አገሪቱ ልትናድ ስትል አራት ማኅበራት፣ ማለትም የሠራተኞች ኅብረት፣ የአሠሪዎች ማኅበር፣ የሰብአዊ መብት ሊግና የጠበቆች ማኅበር፣ ተቀናቃኞቹን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጧቸው። ከአራቱ አንድም የሃይማኖት ተቋም የለም። ይህን ለካፌው ሰዎች ሳነሣ ብዙ አልተደነቁም፤ የሠራተኞች ኅብረት እዚህ ከፓርቲ ሁሉ በፊት የነበረ ነው አሉኝ።

እሁድ፣ ሲዲ ቡዚድ

አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው የድምፅ መስጫ ጣቢያው። ሰባት ሰዓት ጠዋት በፈረንጅ አቆጣጠር ተከፈተ፤ ቀድመው የተሰለፉት አዛውንት ናቸው። ወጣት የመጣው ከቀትር በኋላ ነው፣ ያውም ጥቂት። ጣት በሰማያዊ ቀለም ይነከራል፤ ወረቀቱ እንደ ክንድ ይረዝማል። የናህዳ ምልክት ወፍ፣ የዋናው ዓለማዊ ተቀናቃኙ የኒዳ ቱኒስ ፓርቲ ደግሞ የዘንባባ ዛፍ ነው። በየዝርዝሩ ወንድና ሴት ተፈራርቀው መቀመጥ አለባቸው፤ የ2011ዱ የምርጫ ሕግ ያመጣው ደንብ ነው። የናህዳ ዝርዝሮች በዚህ ምክንያት ከሁሉም ብዙ ሴት ወደ አርቃቂው ጉባኤ አስገብተዋል፤ ብዙዎቹም አክስትየዋ ቦርሳ ውስጥ ይከቱት የነበረውን ሻሽ ያሰሩ ናቸው።

የታዛቢዎች አግዳሚ ላይ የናህዳው ወጣትና የኒዳ ቱኒሷ ወይዘሮ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። እሱ የስልኩ ባትሪ ሲያልቅ የእሷን ቻርጀር ተዋሰ። እሷ ለመውጣት ስትነሣ መዝገቧን ለእሱ አደራ ብላ ወጣች፤ መዝገቡ ላይ ያለው እኮ የእሱ ፓርቲ ጥፋት ዝርዝር ነው!

ማታ ሳጥኑ እዚያው ተከፈተ። ውስጡ በሚያሳይ ፕላስቲክ የተሠራ ነው። ኃላፊው እያንዳንዱን ወረቀት ከፍ አድርጎ ለታዛቢዎች ያሳያል፣ ጮክ ብሎ ያነባል፣ ሌላው ሰሌዳው ላይ በጠመኔ ይጭራል። መሐል ላይ አንድ ወረቀት ይዞ ዝም አለ። ምልክት አልተደረገበትም፤ ከላይ እስከ ታች በእስክሪብቶ ተጽፎበታል። ለሥራ የቀረበ ማመልከቻ ነው፤ ስም የለውም እንጂ የትምህርት ደረጃና የሥራ ልምድ ሳይቀር ተዘርዝሯል። ሁለቱ ታዛቢዎች ተያዩ፤ "ዋጋ የለውም" አሉ በአንድ ድምፅ። ኃላፊው ወረቀቱን ካልተቆጠሩት ጋር ከማስቀመጡ በፊት ግን እስከ መጨረሻው አነበበው።

ሰኞ፣ ሞናስቲርና ቱኒስ

የአገሪቱ የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት የሐቢብ ቡርጊባ መቃብር የወርቅ ጉልላትና ሁለት ሚናሬት አለው። መሪው በ1956 በአንድ አዋጅ ከአንድ በላይ ማግባትን ከለከሉ፣ ፍቺን ፍርድ ቤት አደረሱ። በረመዳን በአደባባይ ብርቱካን ጭማቂ ጠጡ፤ የዘይቱናን ጥንታዊ ትምህርት ዘጉ። በ1975 የዕድሜ ልክ ፕሬዚዳንት ሆኑ፣ በ1987 ደግሞ ቤን አሊ "አርጅተዋል" ብለው አወረዷቸው። በሩ ላይ ታላቁ ታጋይ፣ የዘመናዊት ቱኒዚያ ገንቢ፣ የሴቶች ነፃ አውጪ የሚል ተጽፏል። ሦስቱም እውነትነት አላቸው። ግን ሕጉን ያወጡት ማንንም ሳይጠይቁ ነበርና፣ ከእሳቸው በኋላ የመጡት የሴቶችን መብት ሲከላከሉ ሁልጊዜ ከጎናቸው አንድ የፖሊስ አዛዥ ቆሞ ይታየኛል። የኒዳ ቱኒሱ መሪ ቤጂ ካይድ ኤሴብሲ በቡርጊባ ዘመን የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር የነበሩ ሰው ናቸው፤ ዛሬ ድሉ የእሳቸው መሆኑ ከወዲሁ ይወራል።

ወደ ማታ ቱኒስ ስደርስ ናህዳ መሸነፉን ተቀብሎ ነበር። መሪው ራሺድ ገኑሺ ለኤሴብሲ ስልክ ደውለው እንኳን ደስ ያለዎት ብለዋል። በፓርቲው ዋና ጽሕፈት ቤት ደጃፍ ደጋፊዎች ተሰብስበው ሙዚቃ ከፍተዋል። የተሸነፈ ፓርቲ ሲጨፍር አይቼ አላውቅም። ተማሪዋን ምን ማለት ነው ብላት "አባቶቻቸው በ1989 ጥሩ ድምፅ አግኝተው ወህኒ ወረዱ፤ እነዚህ ተሸንፈው ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ" አለችኝ። አክስቷ ሕዝቡ መካከል ነበሩ። ከሩቅ አይተውን መጡና ሳሙን፤ ስለ ምርጫው ምንም አላሉም፣ እራት መብላቷን ብቻ ጠየቋት።

በኋላ የታወጀው ውጤት ኒዳ ቱኒስ 86፣ ናህዳ 69 ነው። ለአብላጫ 109 ያስፈልጋል። ሁለቱ በፌብሩዋሪ 2015 በአንድ ጥምር መንግሥት ውስጥ ገቡ።

ከዓመታት በኋላ

ይህን ማስታወሻ ለንባብ ሳዘጋጅ ነገሩ ሌላ ሆኗል። አራቱ ማኅበራት በ2015 የኖቤል የሰላም ሽልማት ወሰዱ። ናህዳ በ2016 ስብከትን ከፖለቲካ ለየሁ አለ። በ2019 ፓርቲ የሌላቸው የሕገ መንግሥት መምህር ካይስ ሰዒድ ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ፤ ጁላይ 25 ቀን 2021 ፓርላማውን አገዱ፣ ከዓመት በኋላም የራሳቸውን ሕገ መንግሥት ለሕዝብ ውሳኔ አቀረቡ። ድምፅ ከሚሰጠው ሰው የወጣው ከሦስት አንድ እንኳ አልሞላም። ያ የምንከራከርበት አንቀጽ 6 የለም። በአንቀጽ 5 የእስልምናን ዓላማዎች ለማሳካት የሚሠራው መንግሥት ብቻ ነው ተብሏል። ገኑሺ በኤፕሪል 2023 ታሰሩ። እስላማዊ ፓርቲ ነፃነትን ይበላል ብሎ የፈራውም፣ ዓለማዊ ልሂቃን ሃይማኖትን ያፍናሉ ብሎ የፈራውም፣ በዚህ በኩል ይመጣል ብሎ አልጠበቀም።

ተማሪዋ አሁን ጠበቃ ናት። ስለ አዲሱ አንቀጽ 5 ምን እንደምታስብ ጽፌ ጠየቅኋት። ረጅም መልስ ላከችልኝ፤ ስለ አንቀጹ ግን አንድ መስመር ብቻ ነው ያለው፣ ከወር በኋላ እመለስበታለሁ የሚል። የቀረው ሁሉ ፕሬዚዳንቱ በጁን 2022 በአንድ አዋጅ ስላሰናበቷቸው 57 ዳኞች ነው፤ ከእነሱ ውስጥ የአንዷን ይግባኝ ይዛለች።